ልጅዎ «ጽንፈ ዓለም እየሰፋ መሄዱ በምን ታወቀ?» ብሎ ቢጠይቅ

ልጆች በትምህርት ቤት ስለ ሰማይ አካላት ተምረው የተመለሱ ዕለት ጥያቄያቸው ብዙ ነው። ከጥያቄዎቹም አንዱ ወላጅን መልስ የሚያሳጣ ሊሆን ይችላል። «መምህራችን ጽንፈ ዓለም በየጊዜው እየሰፋ ይሄዳል ብለው አስተማሩን። እዚያ ድረስ ሄዶ የለካው ማን ነው? በምን አወቁት?»

እርስዎ በዚህ ሰዓት ገና ከሥራ መግባትዎ ይሆናል፤ ወይም ድስት ጥደው ሽንኩርት በማቁላላት ላይ ይሆናሉ። «ሂድ፣ አባትህን ጠይቅ» ወይም «ትልቅ ስትሆኚ ይገባሻል» ብሎ መገላገል ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ልብ ይበሉ፤ ልጅዎ የጠየቀው ከመጽሐፍ ሊሸመድደው የሚችለውን ነገር አይደለም። መጽሐፉማ «ይሰፋል» ብሎ ነግሮታል። እሱ የሚሻው «እንዴት ታወቀ?» ለሚለው መልስ ነው። ይህን መጠየቅ የለመደ ልጅ ካደገ በኋላም የሰማውን ሁሉ ሳይመረምር አይቀበልም። አንድ ጊዜ «ዝም በል» የተባለ ልጅ ግን ሁለተኛ ላይጠይቅ ይችላል።

ደግነቱ፣ መልሱ ከቤትዎ ዕቃ የራቀ አይደለም። ጥቂት ሻማዎች፣ የስፌት ላስቲክ፣ የስፌት ሜትርና የሒሳብ ደብተር ይበቃሉ። ድስት በሦስት ጉልቻ እንደሚቆም ሁሉ ይህም ግኝት የቆመው በሦስት ነገሮች ላይ ነው፦ ርቀትን በመለካት፣ ፍጥነትን በመለካት፣ ከዚያም ሁለቱን በማነጻጸር። የመጀመሪያውን ጉልቻ ያስቀመጡት ሴት መሆናቸውን ሲረዱ ደግሞ ታሪኩን በተለይ ለሴት ልጅዎ ለመንገር እንደሚጓጉ አንጠራጠርም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ከዋክብትን የቆጠሩት ሴቶች

ነገሩ የሚጀምረው በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት በሚገኘው የሃርቫርድ የከዋክብት ምርምር ጣቢያ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የጣቢያው ኃላፊ ኤድዋርድ ፒከሪንግ የሌሊቱን ሰማይ በመስተዋት ሰሌዳ ላይ ፎቶግራፍ ያስነሱ ነበር። በአንድ ሰሌዳ ላይ የሚታዩት ከዋክብት እጅግ ብዙ ስለ ነበሩ ለክቶና ቆጥሮ የሚመዘግብ ሰው አስፈለገ። ለዚህም ሥራ ሴቶች ተቀጠሩ። የሚከፈላቸው በሰዓት 25 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ነበር። ቀኑን ሙሉ በአጉሊ መነጽር ላይ አጎንብሰው ይውሉ ነበር እንጂ፣ ሌሊት በቴሌስኮፕ ሰማዩን የመመልከቱ ሥራ በዚያ ዘመን ለወንዶች የተተወ ነበር።

ከነዚህ ሴቶች አንዷ ወይዘሮ ዊሊያሚና ፍሌሚንግ ናቸው። ከስኮትላንድ ወደ አሜሪካ ከተሻገሩ በኋላ ነፍሰ ጡር ሳሉ ባላቸው ጥሏቸው ስለ ሄደ፣ በፒከሪንግ ቤት በቤት ሠራተኝነት ተቀጠሩ። ኋላም በ1881 ፒከሪንግ ወደ ምርምር ጣቢያው አምጥተው የጽሕፈትና የሒሳብ ሥራ ሰጧቸው። ወይዘሮ ፍሌሚንግ በ1890 የታተመውንና ከ10,000 በላይ ከዋክብትን የያዘውን መዝገብ ሲያዘጋጁ የአብዛኞቹን ከዋክብት ዓይነት ለይተው የመደቡት እሳቸው ነበሩ። የሌሎቹም ሴቶች ኃላፊ ለመሆን በቅተዋል።

ለታሪካችን ዋነኛዋ ግን ወይዘሪት ሄንሪየታ ስዋን ሌቪት ናቸው። በ1868 የተወለዱት እኚህ ሴት የመስማት ችሎታቸው እየደከመ የሄደ ነበር። በጣቢያው መጀመሪያ ያለ ደመወዝ አገለገሉ፤ ከ1902 ጀምሮም በሰዓት 30 ሳንቲም ይከፈላቸው ጀመር። የተሰጣቸው ሥራ ብርሃናቸው አንዴ የሚደምቅ፣ አንዴ የሚፈዝ ከዋክብትን መፈለግ ነበር። ማጅላን በሚባሉት ሁለት የከዋክብት ደመናዎች ውስጥ ብቻ 1,777 እንዲህ ያሉ ከዋክብት አግኝተው በ1908 አሳወቁ።

በ1912 ደግሞ ከትንሹ የማጅላን ደመና 25 ከዋክብትን መርጠው ጊዜያቸውን አሰሉ። ከነዚህ መካከል አንዳንዱ ደምቆ፣ ፈዝዞ እንደገና እስኪደምቅ አንድ ቀን ከሩብ ያህል ሲፈጅበት፣ አንዳንዱ እስከ 127 ቀን ይወስድበታል። ወይዘሪት ሌቪት ያስተዋሉት ነገር ይህ ነው፤ ረጅም ጊዜ የሚፈጅበት ኮከብ ሁልጊዜ ደማቅ፣ አጭር ጊዜ የሚፈጅበት ደግሞ ደብዛዛ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ከዋክብት ሴፌይድ ይባላሉ።

«ደማቁ ቅርብ ስለ ሆነ ቢሆንስ?» ብሎ ልጅዎ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክል ነው። እንዲህ ብለው ያስረዱት። ሌሊት ከሩቅ ሆነን በጋራ ላይ ያለች አንዲት መንደር ብንመለከት፣ የመንደሯ መብራቶች ሁሉ ከእኛ ያላቸው ርቀት አንድ ነው ሊባል ይችላል። ስለዚህ ደምቆ የሚታየው መብራት በእርግጥም ደማቅ ነው። የማጅላን ደመናም ለእኛ እንደዚያች መንደር ነው።

የመጀመሪያው ጉልቻ፦ ርቀት

ይህ ነገር ርቀትን ለመለካት እንዴት እንደሚረዳ ለማሳየት መብራት የጠፋበትን ምሽት ይጠቀሙ። አንድ ሻማ ጠረጴዛ ላይ ያብሩ። ልጅዎ ደብተሩን ከሻማው በአንድ ሜትር ርቀት ይያዝና ወረቀቱ ምን ያህል እንደ በራ ይመልከት። ቀጥሎ ወደ ሁለት ሜትር ይራቅ፤ ወረቀቱ ይደበዝዛል። አሁን መልሱን ሳይነግሩት ይጠይቁት፦ «በሁለት ሜትር ላይ ወረቀቱ እንደ መጀመሪያው እንዲበራ ስንት ሻማ ያስፈልጋል?» ብዙ ልጆች «ሁለት» ይላሉ። ሻማዎቹን አጠጋግተው አንድ በአንድ እያበሩ ያሳዩት፤ የሚያስፈልገው አራት ነው። በሦስት ሜትር ላይ ቢሆን ዘጠኝ ባስፈለገ ነበር። እሳት ነውና ሕፃናቱን ብቻቸውን ከሻማው ጋር አይተዉ።

እንግዲህ የሻማውን እውነተኛ ድምቀት ካወቅን፣ ምን ያህል ደብዝዞ እንደሚታየን አይተን ርቀቱን በሒሳብ ማግኘት እንችላለን ማለት ነው። የኮከብ ችግር እውነተኛ ድምቀቱ አለመታወቁ ነበር። አምፑል ሲገዙ ስንት ዋት እንደ ሆነ ላዩ ላይ ተጽፎ ያገኙታል፤ በኮከብ ላይ ግን የተጻፈ ነገር የለም። የወይዘሪት ሌቪት ሥራ ያን ጽሑፍ የማንበቢያ ዘዴ ሰጠ። ሴፌይዱ ደምቆ፣ ፈዝዞ እንደገና እስኪደምቅ የሚፈጅበትን ቀን መቁጠር ብቻ በቂ ሆነ። በ1913 የዴንማርኩ ተወላጅ አይናር ኸርትስፕሩንግ በቅርብ ያሉትን ሴፌይዶች ርቀት ገምተው ዘዴውን ለመለኪያነት አበቁት።

ሁለተኛው ጉልቻ፦ ፍጥነት

አምቡላንስ እየጮኸ በአጠገባችሁ ሲያልፍ ልጅዎ ጆሮውን ሰጥቶ እንዲያዳምጥ ያድርጉ። መኪናው ወደ እኛ ሲመጣ ድምፁ ቀጠን ይላል፤ አልፎን ሲሄድ ወፈር ይላል። ነጂው ጩኸቱን አልለወጠም፤ የተለወጠው የመኪናው አካሄድ ከእኛ አንጻር ነው።

በብርሃንም ላይ ይህን የሚመስል ነገር ይደርሳል። የኮከብ ብርሃን በባለ ሦስት ማዕዘን መስተዋት ውስጥ ሲያልፍ እንደ ቀስተ ደመና ይበተናል። በቀለማቱ መካከል ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር፣ ለምሳሌ ካልሲየም፣ እንደ ጣት አሻራ የራሱ የሆኑ መስመሮች አሉት፤ ቦታቸውም በቤተ ሙከራ የታወቀ ነው። መስመሮቹ ከቦታቸው ወደ ቀዩ ወገን ተገፍተው ከተገኙ ብርሃን ሰጪው አካል ከእኛ እየራቀ ነው፤ ወደ ሐምራዊው ወገን ከሆነ እየቀረበ ነው።

ይህን ሥራ በአሪዞና ግዛት፣ ፍላግስታፍ በሚባለው ከተማ በሎዌል የምርምር ጣቢያ የጀመሩት ቬስቶ ስላይፈር ናቸው። በዚያን ጊዜ በሰማይ ላይ እንደ ጉም ሆነው የሚታዩት ጥምዝ አካላት በእኛው የከዋክብት ክምችት ውስጥ ይሁኑ ወይም ከዚያ ውጭ ማንም በእርግጥ አያውቅም ነበር። ስላይፈር በ1912 አንድሮሜዳ የተባለውን ጉም ቢለኩ በሴኮንድ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ እኛ የሚገሰግስ ሆኖ ተገኘ። ሌሎቹን ሲለኩ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። እስከ 1917 ከለኳቸው 25 ጉሞች መካከል 21 ያህሉ ከእኛ የሚርቁ ነበሩ።

ሦስተኛው ጉልቻ፦ ሁለቱን ማነጻጸር

በጥቅምት ወር 1923 ኤድዊን ሃብል በካሊፎርኒያ፣ በዊልሰን ተራራ ላይ በሚገኘውና የመስተዋቱ ወርድ ሁለት ሜትር ተኩል በሆነው ቴሌስኮፕ ባነሱት የአንድሮሜዳ ፎቶግራፍ ላይ አንድ ሴፌይድ አገኙ። ደምቆ፣ ፈዝዞ እንደገና እስኪደምቅ 31 ቀን ይፈጅበታል። በወይዘሪት ሌቪት ዘዴ ቢያሰሉት ርቀቱ 900,000 የብርሃን ዓመት ያህል መጣ። የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን በአንድ ዓመት ውስጥ የሚጓዘው ርቀት ነው። አንድሮሜዳ በእኛ ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ያለ ጉም ሳይሆን፣ ራሱን የቻለ ሌላ ጋላክሲ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ግኝቱም በ1925 መጀመሪያ ለሊቃውንት ጉባኤ ተነገረ።

ከዚህ በኋላ የሃብል የሥራ ጓደኛ የሆኑት ሚልተን ሂዩማሰን ነበሩ። የሂዩማሰን ታሪክ ለሠራተኛ ቤተሰብ ሊነገር የሚገባው ነው። ትምህርታቸውን በ14 ዓመታቸው ግድም አቋርጠው፣ ወደ ዊልሰን ተራራ ዕቃ በሚያመላልሱ በቅሎዎች ነጂነት ሠሩ፤ በ1917 ደግሞ በጣቢያው በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ከዚያም ሌሊት ሌሊት መሣሪያውን እየተማሩ ሄደው፣ የሩቅ ጋላክሲዎችን ፍጥነት ከሚለኩት ሁሉ የላቁ ባለሙያ ሆኑ።

በ1929 ሃብል የ24 ጋላክሲዎችን ርቀት ከፍጥነታቸው ጋር አነጻጽረው አሳተሙ። ለቅርቦቹ በሴፌይድ፣ ለሩቆቹ በሌላ ዘዴ ርቀቱን ገምተው ነበር። ፍጥነቱ አብዛኛው ከስላይፈር የተገኘ ነው። ውጤቱ እንዲህ ነበር፤ ሁለት እጥፍ የራቀ ጋላክሲ በሁለት እጥፍ ፍጥነት ይርቃል፤ ሦስት እጥፍ የራቀው በሦስት እጥፍ።

ይህ ጽንፈ ዓለም እየሰፋ ለመሆኑ ምልክት የሚሆነው እንዴት ነው? እዚህ ላይ ላስቲክዎን ያምጡ። የቀሚስ ወገብ የሚሰፋበት ላስቲክ ይሁን። በሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ርቀት በእስክሪብቶ አራት ነጥቦች ያድርጉና ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለው ይሰይሟቸው። ሁለት ልጆች ጫፍና ጫፉን ይዘው እጥፍ እስኪሆን ይሳቡት፤ ሦስተኛው በስፌት ሜትር ይለካ። ከሀ ጀምረው ሲለኩ ለ ከ2 ወደ 4፣ ሐ ከ4 ወደ 8፣ መ ከ6 ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ይሄዳሉ። እንግዲህ ለ የራቀው 2፣ ሐ የራቀው 4፣ መ የራቀው 6 ሴንቲ ሜትር ነው። ጊዜው ለሁሉም አንድ ነው። የራቀው ፈጥኖ ሄደ ማለት ነው።

አሁን ልጁ መነሻውን ሐ አድርጎ እንደገና ይለካ። ለ እና መ ከሐ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ርቀዋል፤ ሀ ደግሞ አራት። ሕጉ ያው ነው። «እኛ የጽንፈ ዓለም መሐል ላይ ነን ማለት ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ለነበረው ልጅ መልሱ በእጁ ነው፤ በየትኛውም ነጥብ ላይ ቢቆም ሌሎቹ ሁሉ ከሱ ሲርቁ ያያል። በመጨረሻም በሒሳብ ደብተሩ ካሬዎች ላይ ርቀቱን ወደ ጎን፣ የሄደበትን ወደ ላይ አድርጎ ነጥቦቹን ያስቀምጥ። ነጥቦቹ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። ሃብል በ1929 ያሳተሙት ሥዕል ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የሳቸው ነጥቦች ግን ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ የተበተኑ ነበሩ። እውነተኛ ልክ እንዲህ መሆኑንም ይንገሩት።

ልጆች የሚያነሷቸው ሌሎች ጥያቄዎች

«ቤታችንም እየሰፋ ነው?» አይደለም። ዳቦ ሲጋግሩ በሊጡ ውስጥ የሚጨምሩትን ጥቁር አዝሙድ ያስታውሱ። ሊጡ ኩፍ ሲል ፍሬዎቹ እርስ በርሳቸው ይራራቃሉ እንጂ እያንዳንዱ ፍሬ አያብጥም። ቤታችን፣ ምድራችንና ጋላክሲያችን እንደ ፍሬው ናቸው፤ በስበትና በሌሎች ኃይሎች ተሳስረው ይቆያሉ። የሩቆቹም ጋላክሲዎች ብርሃን ወደ ቀይ የሚገፋው በመካከል ያለው ጠፈር ራሱ ሲለጠጥ የብርሃኑን ሞገድ አብሮ ስለሚለጥጠው ነው።

«ታዲያ አንድሮሜዳ ለምን ወደ እኛ ይመጣል?» ጎረቤት ስለ ሆነ ነው። በቅርብ ባሉ ጋላክሲዎች መካከል ስበቱ ከመስፋቱ ያይላል።

«ይህን አስቀድሞ ያሰበው ሰው አልነበረም?» ነበሩ። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ፍሪድማን በ1922፣ ቤልጂጋዊው ቄስና የፊዚክስ ሊቅ ዦርዥ ለሜትር በ1927 በአንስታይን ቀመር ተነሥተው ጽንፈ ዓለም ሊሰፋ እንደሚችል በሒሳብ አሳይተዋል። ለሜትር የመስፋቱንም መጠን ከነበረው ልኬት አስልተው ነበር። አንስታይን ራሳቸው መጀመሪያ አልተቀበሉትም፤ በ1931 ግን ሐሳባቸውን ለውጠዋል። በ2018 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ሕጉ «የሃብልና የለሜትር ሕግ» እንዲባል ወስኗል።

«የለኩት ሁሉ ልክ ነበር?» አልነበረም፤ ይህንንም አይደብቁት። የሃብል ርቀቶች ከእውነተኛው እጅግ ያነሱ ነበሩ። በሳቸው ስሌት የጽንፈ ዓለም ዕድሜ ሁለት ቢሊዮን ዓመት ያህል ሲሆን፣ የምድር ዐለቶች ግን ከዚያ የበለጠ ዕድሜ እንዳላቸው ታወቀ። ልጅ ከእናቱ ሊበልጥ አይችልምና አንድ ቦታ ስሕተት ነበር። በ1952 ዋልተር ባዴ ሴፌይዶች ሁለት ዓይነት መሆናቸውን አሳይተው ርቀቱን እጥፍ አደረጉት። ዛሬ አንድሮሜዳ ሁለት ሚሊዮን ተኩል የብርሃን ዓመት ያህል እንደሚርቅ፣ የጽንፈ ዓለምም ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ እንደ ሆነ ይታወቃል። በ1998 ደግሞ መስፋቱ እየፈጠነ መሄዱ ታውቋል። የመስፋቱ ትክክለኛ መጠን አሁንም ሊቃውንትን ያከራክራል። ስለዚህ ለልጅዎ የሚሆን ሥራ ገና አላለቀም።

ያልደረሰው ደብዳቤ

በ1925 የስዊድን የሒሳብ ሊቅ ዮስታ ሚታግ ሌፍለር ወይዘሪት ሌቪትን ለኖቤል ሽልማት ለማጨት አስበው ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ሲደርስ ግን ወይዘሪት ሌቪት ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር። በታኅሣሥ 1921፣ በ53 ዓመታቸው፣ በነቀርሳ በሽታ ነው የሞቱት። ሽልማቱም ለሞተ ሰው አይታጭም። በ1912 የወጣው ጽሑፍ እንኳ የታተመው በኃላፊው በፒከሪንግ ፊርማ ሲሆን፣ ያዘጋጁት ወይዘሪት ሌቪት መሆናቸው በመግቢያው ላይ ብቻ ተገልጿል። ዛሬ ብዙ ሊቃውንት ያገኙትን ነገር «የሌቪት ሕግ» ብለው በስማቸው ይጠሩታል። ይህ ሁሉ እሳቸው ካለፉ በኋላ የመጣ ነው።

ይህን የምናነሣው ለማሳዘን አይደለም። ብዙ ጊዜ በቤታችን ማታ ማታ ወንዱ ደብተሩን ዘርግቶ ሲቀመጥ ሴቷ ዕቃ እንድታጥብ እንደሚደረግ እርስዎም ያውቁታል። በዚያ ሰዓት «በምን ታወቀ?» የሚለው ጥያቄ በልቧ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ላስቲኩን ስታዘጋጁ የስፌቱን ሜትር ለሴት ልጅዎ ይስጧት፤ ዕቃውን ደግሞ በተራ ይጠቡት።

በኅዳር ወር ከከተማው መብራት ርቀው ወደ ገጠር ዘመድ ጥየቃ የሄዱ እንደሆነ፣ ጨረቃ በሌለበትና ሰማዩ በጠራበት ምሽት ሦስት ሰዓት ገደማ ልጆችዎን ይዘው ወደ ደጅ ይውጡ። ወደ ሰሜን ዞራችሁ ቀና ብትሉ አንድ ደብዛዛ የብርሃን ጠብታ ታያላችሁ። አንድሮሜዳ ማለት ያ ነው። ያን ጊዜ «ያ ብርሃን ከተነሣ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ዓመት ሆኖታል» ይበሏቸው። «በምን ታወቀ?» ብለው ከጠየቁዎት፣ አሁን የሚመልሱት አለዎት።